የተራራ ሩዝ ምግቡን ከየት ያገኛል? የአንባብያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የፊሊፒንስ ኢፉጋኦ እርከኖች ለብዙ መቶ ዓመታት ሩዝ ሲያበቅሉ ኖረዋል። መሬቱ እንዴት አልደከመም? (ከሐዋሳ፣ ታቦር)

መልስ፦ ውሃው ስለሚመግበው ነው። ከእርከኖቹ በላይ ገበሬዎቹ «ሙዮንግ» የሚሉት ደን አለ፤ ይጠብቁታል። ዝናቡ እዚያ ሲሰርግ ከድንጋዩና ከበሰበሰው ቅጠል ለተክሉ ምግብ የሚሆኑ ማዕድናትን፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ሲሊካ፣ ያሟሟል፤ ደቃቅ አፈርም ይዞ በቦይ ይወርዳል። ማሳው ላይ ሲቆም ደለሉ ይዘቅጣል። ደግሞ አፈሩ በውሃ ሲሸፈን ኦክስጅን ያጣል፣ ያኔ ከብረት ጋር ተጣብቆ የነበረው ፎስፈረስ ይለቀቅና ሥሩ ያገኘዋል። ናይትሮጅን ግን በአብዛኛው ከድንጋይ አይመጣም። ውሃው ውስጥ የሚኖሩ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌዎች፣ አዞላ ከምትባለው ተንሳፋፊ ተክል ጋር የሚኖሩትም ጭምር፣ ከአየር ይይዙታል።

ቻይና ውስጥ የዩናን ሀኒ ገበሬዎች ደግሞ የከብት ፍጉን መንደር ውስጥ ያጠራቅሙና ወቅቱ ሲደርስ ቦዩን ከፍተው ውሃው ራሱ ወደየማሳው እንዲያደርሰው ያደርጋሉ። ሸክም የለ፣ አህያ የለ! በጣም ነው የማደንቃቸው።

ጥያቄ፦ ቦርቻ ላይ ጎርፍ አፈራችንን ጠርጎ ቦረቦር አወጣብን። የኢፉጋኦ ገበሬዎችን የሚያበላ መሸርሸር እኛን ለምን ያራቁተናል?

መልስ፦ ልዩነቱ የውሃው ፍጥነትና አፈሩ የሚያርፍበት ቦታ ነው። እነሱ ጋ ከላይ የተነሳው አፈር ታች ባለው እርከን ይያዛል። እናንተ ጋ የሚይዘው የለም፣ ቦረቦሩን ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራውን ከላይ ጀምሩት፦ ተዳፋቱን በሣርና በዛፍ ሸፍኑ፣ ከዚያ ቦረቦሩ ውስጥ ክትር ሥሩ። ከታች ብቻ ከጀመራችሁ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ይንደዋል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የኮንሶ እርከን የውሃን ፍጥነት በድንጋይ ካብ አብርዶ ማሽላ ያበላል።

ጥያቄ፦ የመስኖ ውሃ ምግብ ካለው ዩሪያ ልተው?

መልስ፦ እንዲሁ በድፍኑ አይተዉ፤ አፈርዎን ያስመርምሩ። በኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት ላይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለመስኖው ውሃ በቂ ፎስፈረስና ፖታሲየም ይሰጠው ነበር። ገበሬው ግን ተጨማሪ ማዳበሪያ እንዲጨምር ተመከረ። የተረፈው ማዳበሪያ ከማሳ ማሳ እየተሻገረ ባሕር ገብቶ ኮራል የሚባሉትን ድንጋይ መሰል የባሕር እንስሳት ጎዳ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማዳበሪያው ሐዋሳ ሐይቅ ቢገባ ዓሣው አይጠቀምም?

መልስ፦ ሲበዛ አልጌ ይወርረዋል፣ አልጌው ሲበሰብስ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ዓሣውም ይታፈናል። ሐይቁ ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ከጥቁር ውሃ ወንዝ በላይ ያለው የጨለለቃ ረግረግ ደለሉን ሲያስቀር ኖሯል፣ አሁን ግን በጣም ጠቧል። እባካችሁ የቀረውን አትረሱት፣ አታርሱትም።