የውሃ ቀለም፣ 52 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ 3ኛ ክፍል ሥዕል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ 52 ናቸው፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ። የውሃ ቀለም በያዝን ቁጥር ወረቀቱ ይቦጨቃል፣ ሥዕሉ ሁሉ ቡናማ ይሆናል፣ ጽዳቱም ሳያልቅ ይደወላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህታችን፣ ቡናማው የሚመጣው ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ አንድ ላይ ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ቀዩን ያስቀሩት። በቢጫና በሰማያዊ ብቻ አደይ አበባ ያሠሯቸው፦ መጀመሪያ ቅጠሎቹም አበባውም በቢጫ ይቀቡ፤ ከዚያ ቅጠሎቹ ላይ ብቻ፣ ቢጫው ገና እርጥብ ሳለ፣ በብሩሽ ጫፍ ትንሽ ሰማያዊ ጣል ይደረግ። አረንጓዴው ዓይናቸው እያየ ይወጣል፤ ልጆቹ ይህን ቶሎ አይረሱትም።

ወረቀቱ የሚቦጨቀው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ስስ ስለሆነና እርጥብ ቦታ ደጋግመው ስለሚፈትጉት ነው። ወፍራም የሥዕል ወረቀት ገዝተው አራት ቦታ ይቁረጡት፤ ትንሽ ወረቀት በሰዓቱ ያልቃል። አንድ ቦታ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይቀቡም ይንገሯቸው።

ሁሉም በአንድ ቀን አይቀቡ። 26ቱ ሲቀቡ 26ቱ በእርሳስ ይንደፉ፤ በሳምንቱ ይቀያየሩ። አራት አራት ሆነው ሲቀመጡ 7 የተቆረጠ ሃይላንድ ይበቃል፤ ውሃው ከሁለት ጣት አይብለጥ። ውሃ ሊጠፋ ስለሚችል በጄሪካን ቀድመው ያስቀዱ። በ28ኛው ደቂቃ ብሩሽ ይቁም፦ ከየቡድኑ አንድ ልጅ ቆሻሻውን ውሃ ባልዲ ውስጥ ይድፋ፣ ሌላው ብሩሾቹን በጨርቅ ይጥረግ። ብሩሽ በፀጉሩ ቆሞ ካደረ ይጣመማል፤ አጋድመው ያድርቁት።