«ቡቺ ካለ እኔ አልሄድም»

ደብዳቤሽ ባጭሩ ይህን ይላል። ለንደን ነው የምትኖሩት። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከባለቤትሽ ጋር ካፌ ቁጭ ብላችሁ ታወሩ ነበር። አምና ግን ቡቺ የሚባል ላብራዶር አመጣ። አሁን ካፌም ሆነ ፐብ ያለ ቡቺ አይሄድም። ከሳህኑ ድንች እያነሳ ያጎርሰዋል። «ምግብ ባለበት ውሻ ነውር ነው» ትይዋለሽ። «እዚህ አገር ኖርማል ነው፣ አታካብጂ» ይልሻል። ሦስት ወር ሆነሽ እቤት ከቀረሽ። «ውሻውን መረጠብኝ» ብለሽ ጨረስሽ።

እህቴ፣ እኔን ያስቆመኝ ከዚያ በታች እንደ ዋዛ የጨመርሻት መስመር ናት፦ «ልጅ ሆኜ ውሻ ነክሶኝ ፓስተር ተመላልሻለሁ።»

ያኔ የእብድ ውሻ መርፌ ይሰጥበት የነበረው ፓስተር መመላለስ ምን እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። ለቀናት ሆድ ላይ መርፌ። ከመርፌው በላይ ደግሞ ትልልቆቹ «ውሻው አብዶ ቢሆንስ?» እያሉ ሲንሾካሾኩ መስማት አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፍርሃትሽ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ባለቤትሽ ግን በአምስት ዓመቱ ነው ለንደን የገባው። በእንግሊዝ ይህ በሽታ ከውሾች የጠፋው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ለእሱ ውሻ ሶፋ ላይ የሚተኛ የቤት ልጅ ነው።

«ቡቺ ብድግ ሲል እግሬን ወንበር ላይ እሰቅላለሁ፣ ማኪያቶዬም ቀዝቅዞ ይቀራል» ብለሻል። ይህ መጸየፍ ብቻ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። እሱ ግን የሚሰማው «ነውር» የሚለውን ቃል ነው፤ የሰደብሽው ይመስለዋል። «እፈራለሁ» ብለሽው ታውቂያለሽ? ከደብዳቤሽ እንደገባኝ፣ የለም።

የንጽሕና ስሜትሽን አልንቅም። ከሚበላበት ሳህን ውሻ አታጉርስ ማለት መብትሽ ነው፤ በግልጽ ጠይቂው።

እቤት መቅረቱ ግን አይበጅሽም። በቀረሽ ቁጥር እፎይ ትያለሽ፤ ያ እፎይታ ነው ፍርሃቱን የሚቀልበው። ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1924 ያሳተመችው ሥራ ትዝ አለኝ። ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የሚባል ሕፃን ነበር። የሚወደውን እየበላ ሳለ ጥንቸሏን ከሩቅ አሳዩት። በሌላ ቀን ትንሽ አቀረቧት። በመጨረሻ ራሱ ይደባብሳት ጀመር። ቁም ነገሩ እሱ ሳይረጋጋ አለማቅረቡ ነው።

እናንተም እንዲሁ ሞክሩት። መጀመሪያ ቡቺ በሌለበት የፓስተሩን ታሪክ ንገሪው፤ ከእነ መርፌው፣ ከእነ ሹክሹክታው። እዚያ አገር ውሻ ኩሽና አይግባ እንጂ እንግዳ የሚቀመጥበት ድረስ ማስገባት አለማስገባቱ የካፌው ባለቤት ውሳኔ ነው። ስለዚህ ውሻ የማያስገባ ካፌ ፈልጉና አንዳንዱን እሁድ ለሁለታችሁ ብቻ አድርጉት። ሌላውን እሁድ ውጭ ያለ ጠረጴዛ ይሻላል። ቡቺ በአጭር ማሰሪያ ይያዝ፣ ባለቤትሽ በመሃል ይቀመጥ። ለመጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። እንሂድ የምትይው አንቺ ነሽ።

ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት፦ ወንድሜ፣ «አይነክስም» የሚለው ቃል የተነከሰን ሰው አያረጋጋም። ሳትነግራትም ውሻውን አታስጠጋባት።

ፍርሃቱ ከዚህ በላይ ከሆነ፣ በእንግሊዝ ኤንኤችኤስ ቶኪንግ ቴራፒስ የሚባል ነጻ የሥነ ልቦና ሕክምና አገልግሎት አለ። የሐኪም ደብዳቤ ሳያስፈልግሽ ራስሽ መመዝገብ ትችያለሽ።

«ውሻውን መረጠብኝ» ላልሽው አሁን መልስ መስጠት አልችልም። የፈራሽ መሆንሽን ገና አላወቀም። አውቆም «አታካብጂ» ካለሽ ግን ነገሩ የቡቺ ጉዳይ አይደለም። ያኔ መልሰሽ ጻፊልኝ።