ኮሌታ ያላት የአክስት ልጅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «እንስሳት ከባለአንድ ህዋስ ፍጡር መጡ ካልክ፣ ያ ፍጡር የታለ?» ብሎ ተማሪህ አፋጦሃል። እኔም ለገጣፎ ሳስተምር ያው ገጥሞኛል።

የለም። ከጠፋ ከ600 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አጥንት እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ የሚጠየቁት ዘመዶቹ ናቸው። አያትህን ባታውቃትም፣ አንተም የአክስትህ ልጅም ግራኝ ከሆናችሁ ነገሩ ከእሷ እንደመጣ ትጠረጥራለህ።

የእንስሳት የቅርብ የአክስት ልጅ ኮአኖፍላጀሌት ትባላለች። አንድ ህዋስ፣ አንድ ጅራፍ (የሚወዛወዝ ቀጭን ጭራ)፣ በጅራፉ ዙሪያ ኮሌታ። በጅራፏ ውሃውን ትገፋለች፣ ኮሌታዋ ላይ የተጣበቀውን ባክቴሪያ ትውጣለች። ስፖንጅ የተባለው እንስሳ ምግብ የሚይዝበት ህዋስ ቁርጥ እሷን ነው።

ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ ክረምት ላይ አሮጌ የድንጋይ ካባ ውስጥ ካቆረው ውሃ በሃይላንድ ቀዳሁ። ሦስት አራት ፍሬ የተቀቀለ ሩዝ ጣል አድርጌ ሳምንት ተውኩት። ሩዙ ለባክቴሪያው፣ ባክቴሪያው ለእሷ። መብራት ስለሌለ ባለመስታወቱን ማይክሮስኮፕ መስኮት ላይ አስቀመጥነው። ሁለት ቀን ሙሉ ያየነው ፓራሚሲየም የተባለውን ሌላ ባለአንድ ህዋስ ብቻ። በሦስተኛው ቀን ዲያፍራሙን (የብርሃን መግቢያውን) አጥብቤ በ400 እጥፍ ሳይ፣ የአልጌ ክር ላይ በቀጭን ዘንግ የቆመች ነጥብ አገኘሁ። ከላይዋ ሁለት የደበዘዙ መስመሮች አሉ፤ የተገለበጠ «ለ» ፊደል በለው። ኮሌታው ያ ነው። አንዷ ልጅ አጎንብሳ አየችና «ቲቸር፣ ዘመዳችን ይቺ ናት?» አለች። ቅር ያላት ትመስላለች።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሞኖሲጋ የተባለችው የኮአኖፍላጀሌት ዝርያ ጂኖም (ሙሉ የዘር መረጃዋ) ሲነበብ፣ የእኛን ህዋሶች እርስ በርስ የሚያጣብቁት የካድሄሪን ፕሮቲኖች ጂኖች 23 ያህል ተገኙባት። ብቻዋን ለምትኖር! ሲሚንቶው ከቤቱ ቀድሞ ነበር ማለት ነው። ምናልባት ባክቴሪያ መያዣ ይሆናል።

ለተማሪህ ግን የሌላዋን ኮአኖፍላጀሌት፣ የሳልፒንጎኤካ ሮዜታን ታሪክ ንገረው። እሷ አንዳንዴ ተከፍላ ልጆቿ ሳይለያዩ ይቀሩና እንደ አበባ ይሰበሰባሉ። ካሊፎርኒያ በርክሌይ የኒኮል ኪንግ ቡድን ውሃውን ለማጽዳት አንቲባዮቲክ ሲጨምር አበባው ጠፋ። የጎደለው አንድ ባክቴሪያ ነበር፤ መልሰው ሲጨምሩት አበባው ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2012 እንደታተመው፣ አበባ እንድትሠራ የሚቀሰቅሳት ምልክት ባክቴሪያው የሚሠራው ቅባት ነክ ነገር ነው። ብቻ ተጠንቀቅ፤ ይሄ እንስሳት የግድ እንዲህ ጀመሩ ማለት አይደለም። ካፕሳስፖራ የተባለችው ሌላ ዘመድ ህዋሶቿ ከየአቅጣጫው መጥተው ነው የሚጣበቁት። የተገኘችውም ቢልሃርዚያ በሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ የእነ አክሊሉ ለማ እንዶድ የሚገድለው ዓይነት።

ለመሞከር ካሰብክ ከቆመ ውሃ ቅዳ። ሩዝ አታብዛ፣ ይገማብሃል። እኔ የመጀመሪያውን ስታፍ ሩም አስቀምጬ መምህራኑን በሙሉ ግቢ አስወጥቻለሁ።