ማስታወሻና ዕልባት፦ የትኛው መተግበሪያ ለየትኛው ሥራ?

ጥያቄ፦ ዕልባትና ማስታወሻ በአንድ መተግበሪያ ቢያዙ ምን ችግር አለው?

ችግሩ ገጹ የጠፋ ዕለት ይታያል። ዕልባት የሚይዘው አድራሻውን ብቻ ነው። ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል በ2024 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው፣ በ2013 ከነበሩ የኢንተርኔት ገጾች 38 በመቶው ከ10 ዓመት በኋላ አይገኙም። ተመልሰው የሚጠቅሱት ገጽ ከሆነ ፍሬ ነገሩን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ከሥሩ ሊንኩንና ያነበቡበትን ቀን ያኑሩ። የማስታወሻ መተግበሪያዎቹ ኖሽንም ኤቨርኖትም ሁለቱን አብረው ይይዛሉ፤ ግን «አንድ ቀን አነበዋለሁ» የተባለ ሊንክ ሁሉ ሲከማችባቸው ዋናው ማስታወሻ ይዋጣል።

ጥያቄ፦ ሊንክ አስቀምጬ የማነብበት ፖኬት ተዘግቷል። ወደ ምን ልዛወር?

ሊንክ ለመሰብሰብ ሬይንድሮፕ። በነፃው አካውንት የሊንክ ብዛት አይገደብም፤ የገጹን ቋሚ ቅጂ መያዝና ገጹ ውስጥ ባለው ጽሑፍ መፈለግ ግን ለከፈለ ነው። ረጅም ጽሑፍ አስቀምጦ ለማንበብ ኢንስታፔፐር ይመቻል። ሞዚላ ፖኬትን በ2025 ዘጋ፤ ጉግልም የድረ ገጾች አዳዲስ ጽሑፍ መከታተያውን ሪደርን በ2013 ዘግቶ ነበር። የትኛውንም ቢመርጡ በየሦስት ወሩ ሙሉ ዝርዝሩን አውርደው ኮምፒውተርዎ ላይ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ክሮም ላይ ያሉኝን ዕልባቶች እንዴት አወጣለሁ?

በዊንዶውስ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና የ«O» ፊደልን አብረው ይጫኑ። የዕልባት ማስተዳደሪያው ሲከፈት ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው ወደ ውጭ መላኪያውን ይምረጡ። የሚወርደውን የኤችቲኤምኤል ፋይል አብዛኞቹ የዕልባት መተግበሪያዎች ይቀበሉታል። ከፋየርፎክስ ወደ ክሮም ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፦ ክሮም ለዕልባት መለያ (በርዕስ መመደቢያ ቃል፣ ታግ) ስለሌለው የለጠፏቸው መለያዎች ይቀራሉ፤ የሚሻገሩት አቃፊዎቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኖሽን ወይስ ኦብሲዲያን?

ከሌሎች ጋር የሚሠሩና ሠንጠረዥ የሚፈልጉ ከሆነ ኖሽን። ብቻዎን ለዓመታት የሚያከማቹት ከሆነ ኦብሲዲያን፤ እያንዳንዱ ማስታወሻ መሣሪያዎ ላይ የተቀመጠ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ መተግበሪያው ቢጠፋ እንኳ በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ይከፈታል። ከኖሽን ሲወጡ ጽሑፉ በማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች የተቀረጸ ተራ ጽሑፍ)፣ ሠንጠረዡ በሲኤስቪ (በነጠላ ሰረዝ የተለየ የሠንጠረዥ ፋይል) ይወርዳል፤ ቀመሮቹ ውጤታቸው ብቻ ይተርፋል።

የኦብሲዲያን ወጥመድ ሌላ ነው። የራሱ ማመሳሰያ (በስልክና በኮምፒውተር ያለውን አንድ የሚያደርገው) በክፍያ ስለሆነ ብዙዎች አቃፊውን በሌላ የደመና ማከማቻ ያመሳስሉታል። ስልኩ ማመሳሰሉን ሳይጨርስ ኮምፒውተሩ ላይ ያንኑ ፋይል ካረሙ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ይፈጠራሉ። ማመሳሰሉ ማለቁን ሳያዩ መጻፍ አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ጉግል ኪፕስ?

ለአጭር ማስታወሻና ለሥራ ዝርዝር ጥሩ ነው። አቃፊ የለውም፤ የመለያ ብዛትም ገደብ አለው። ለምርምር አይሆንም።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የጻፍኩትን ስፈልግ አይመጣም። ለምን?

ፍለጋው ድምፁን ሳይሆን ፊደሉን ስለሚያይ። ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። «ፀሐይ» ብለው ጽፈው «ጸሀይ» ብለው ቢፈልጉ ባዶ ይሆናል። ሃ፣ ሓ እና ኃ ሲጨመሩ ይህች አንዲት ቃል 12 ዓይነት አጻጻፍ አላት።

ሁለተኛው ምክንያት እርባታው ነው። «መጽሐፍ» ብለው ሲፈልጉ «መጽሐፉን» አይገኝም፤ ፍ ወደ ፉ ተለውጣለች። ስለዚህ የመጨረሻውን ፊደል ትተው «መጽሐ» ብለው ይፈልጉ። ከቃሉ መጀመሪያ ብቻ የሚፈልጉ መተግበሪያዎች ደግሞ «የመጽሐፍ»ን ስለሚዘሉ «የመጽሐ» ብሎ መድገም ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚበጀው ግን ለመለያዎች አንድ አጻጻፍ ወስኖ ዝርዝሩን በአንድ ማስታወሻ ላይ መያዝ ነው፤ አዲስ መለያ ከመጻፍዎ በፊት ከዚያ ይቅዱ። ኦብሲዲያን ላይ መለያ ውስጥ ክፍት ቦታ ስለማይፈቀድ ሁለት ቃል ከሆነ በሰረዝ ያያይዙ።

ጥያቄ፦ ስንት መለያ ይበቃል?

ከ15 እስከ 20። አንድ ማስታወሻ ላይ ብቻ የተለጠፈ መለያ ካገኙ ይሰርዙት፤ ያንን ፍለጋውም ያመጣዋል።