ላፕቶፕ ከአምፕሊፋየር ጋር ሲገናኝ ለሚመጣው «እምምም»፦ ጥገና ቤት ከመሄድህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ላፕቶፕህን ከቤት አምፕሊፋየርህ ጋር ስታገናኝ «እምምም» የሚል ድምፅ አስቸግሮህ፣ ጥገና ቤት ልውሰደው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እባክህ አትውሰደው። እኔ ወስጄ 3 ሳምንትና 2,800 ብር አቃጥያለሁ።

1. የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀልና በባትሪ አጫውት። ጸጥ ካለ አምፕሊፋየርህ ጤነኛ ነው። ይቺን የ5 ሰከንድ ሙከራ ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ዕቃው የአባቴ አሮጌ ሶኒ ነው፤ ስለምሳሳለት በጨርቅ ጠቅልዬ ተሸክሜ ሄድኩ። ጠጋኙ ገና ክዳኑን ሳይፈታ «ፊልተሩ ደርቋል» አለኝና ኤሌክትሪኩን የሚያጣሩትን ትልልቅ ካፓሲተሮች ቀየረ። ሱቁ ውስጥ በስልኩ ዘፈን ከፈተልኝ፣ ኩልል ያለ ድምፅ። ቤት ወስጄ ላፕቶፑን ስሰካው ያው «እምምም»። ተመልሼ ስነግረው ሰው ፊት ጮኸብኝ። «እዚህ ሠርቷል፤ ከፈለግክ ቤትህን አሠራ!» እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። ግን ማታ ሳወጣ ሳወርደው፣ ልዩነቱ እውነትም ቤቴ ነበር። እሱ የሞከረው በስልክ ባትሪ ነው። ሱቁ ውስጥ ደግሞ ዲሽ የለም፤ ዲሹ ምን እንዳገባው ቁጥር 2 ላይ ታያለህ።

ፊልተር የሚጠረጠረው ከጀርባው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባው የድምፅ ገመድ ሁሉ ተነቅሎም ስፒከሩ እምምም ማለቱን ካላቆመ ነው። ያንን ሳይሞክር ገንዘቤን መቀበል አልነበረበትም።

2. ሪሲቨርህም እንደኔ ከዚያው አምፕሊፋየር ጋር የተገናኘ ይሆናል። መጀመሪያ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀል፣ ከዚያ የዲሹን ኬብል ከጀርባው ፍታ። እኔ ቤት ይሄን ሳደርግ ቻርጀሩ ሳይነቀል «እምምም» የሚለው ድምፅ ቀጥ አለ። ከደስታዬ ብዛት ባለቤቴን ከወጥ ቤት ጠራኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቻርጀሩ ውስጥ ካሉ ትንንሽ ካፓሲተሮች ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ላፕቶፑ አካል ያልፋል። ብረት ለበስ ላፕቶፕ ካለህ ቻርጅ ላይ ሆኖ ስትዳስሰው ነዘር የሚያደርግህ እሱ ነው። ኧርዝ (ከሶኬቱ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) ካለ በዚያ ይወርዳል። ከሌለ በድምፁ ገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ከዚያ በሪሲቨሩ አድርጎ በዲሹ ብረት መሬት ይገባል። በድምፁ ገመድ ሲያልፍ የመብራታችንን 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ መርገብገብ) ይዞ ነው፤ የምትሰማው እሱን ነው።

3. ሶኬትህ ባለ ሦስት ቀዳዳ ስለሆነ ኧርዝ አለው ብለህ አትመን። የእኔን ኤሌክትሪሺያን ሲከፍተው ሦስተኛው ቀዳዳ ጀርባ ሽቦ የሚባል የለም። አከራዬን ግማሹን እኔ ልክፈልና ኧርዝ እናስገባ ብላቸው «ስንት ዓመት የኖርንበት ቤት ነው» ብለው ዘጉኝ። የራስህ ቤት ከሆነ ግን አሠራው፤ ለድምፁ ብቻ ሳይሆን ለነፍስህም።

«የፕለጉን ሦስተኛ እግር ስበራት» የሚልህ ሰው ይኖራል። በፍጹም! ፌዙ (ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ) የዕቃውን ብረት የነካ ቀን ቆጣሪውን አዝልሎ መብራቱን የሚያጠፋልህ እሱ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ይሄን መምከር ያሳዝናል።

እኔን የገላገለኝ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የሚባል የአውራ ጣት የምታክል ዕቃ ናት። መርካቶ የመኪና ቴፕ መለዋወጫ የሚሸጡት ጋ ጠይቅ። ውስጧ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመሮች አሉ፤ ድምፁ ያልፋል፣ ሽቦ ለሽቦ ግን አይነካካም። የምትገባው ከላፕቶፑ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው ገመድ መሃል ነው፣ ስፒከሩ ጋ አይደለም። ርካሿ ቤዝ ትቀንሳለች፣ ስለዚህ ላፕቶፕህን ይዘህ ሂድና እዚያው አስሞክር። ስትሞክር ቻርጀሩን መሰካትህን አትርሳ።