ለኮምቦልቻዋ እህታችን፦ ብስጭቱ ከዳቦ በሻዩና ከቡናው ሰዓት ሊሆን ይችላል

እህቴ፣ ጠዋት ፈረቃ ገብተሽ 4 ሰዓት ሲሆን እጅሽ እንደሚንቀጠቀጥ፣ በትንሽ በትልቁ እንደምትቆጪ፣ ማታም እንቅልፍ እንደሚርቅሽ ጽፈሽ «ምን ልብላ?» ብለሻል። ግማሹ ሰው በቴሌግራም የሚሸጥ ዱቄት፣ ግማሹ የነርቭ ቫይታሚን እያለ መልሶልሻል። ገንዘብሽን ያዢ። ከገበያ አዲስ ነገር ከመግዛትሽ በፊት የቡናሽንና የቁርስሽን ነገር አስተካክይ።

1. ቡናና ሻይ ከማዕድ ይራቁ። ምሳ ተበልቶ ወዲያው ሲጠጡ ከምስሩና ከጎመኑ የሚገኘውን አይረን (ደም የሚሠራበትን የብረት ማዕድን) አስረው ያስቀሩታል። አይረን ያነሳት ሴት ትደክማለች፣ ትነጫነጫለች፣ ሐሳቧም አይሰበሰብም። ከበላሽ በኋላ ቢያንስ 1 ሰዓት ታገሺ። ወጡ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጊበት ወይም በጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ብዪው፤ ቫይታሚን ሲ አይረኑ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። «ጤፍ እየበላሁ አይረን አይጎድለኝም» የሚሉሽን አትስሚ። ጤፍ ላይ የሚለካው አይረን ብዙው ከአውድማ አፈር የመጣ ነው፤ ሰውነት እምብዛም አይወስደውም።

ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው የሚያነቃው ካፌይን፣ ግማሹ ብቻ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ 4 ሰዓት የምትተኚ ከሆነ የመጨረሻው ሲኒ ከቀኑ 9 ሰዓት አይለፍ። የሌሊት ፈረቃ ሲደርስሽ መግቢያው ላይ ጠጪ እንጂ ሊነጋጋ ሲል አይሁን። ጎረቤት ማታ ቡና ጠርታሽ እምቢ ማለት ካቃተሽ በረካ ላይ ድረሺ፤ እሷም አትቀየም፣ አንቺም ከአቦሉ የቀለለውን ትጠጫለሽ።

2. ዳቦ በሻይን ተዪው። ነጭ ዳቦ 3 ማንኪያ ስኳር ካለው ሻይ ጋር የደም ስኳርን ቶሎ ያወጣዋል፣ ቶሎም ያወርደዋል። ሲወርድ ሰውነት አድሬናሊን የሚባል የድንጋጤ ሆርሞን ይለቃል፤ 4 ሰዓት ላይ የሚያንቀጠቅጥሽ ይኸው ሊሆን ይችላል። ቂንጬ ወይም የአጃ ገንፎ ብዪ፤ ፍስክ ከሆነ እንቁላል ጨምሪበት። ለእረፍት ሰዓት የሚያዝ ደግሞ እንደ ጉንቁል ያለ የለም። ባቄላውን ለቅመሽ አንድ ሌሊት ዘፍዝፊ፣ ውሃውን ድፊና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልይው። ጠዋትና ማታ አለቅልቂው፤ ይህን ከዘለልሽ በኮምቦልቻ ሙቀት ያሟልጫል፣ ይሸታል፣ ከሸተተ ደግሞ መጣል ነው። ኮምቦልቻ በ2 ቀን ገደማ ጫፉ ብቅ ይላል፣ ደሴ ብርዱ ስላለ 3 ወይም 4 ቀን ይወስዳል። ከዚያ በደንብ ቀቅይው። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ እዚያ ያሉ እህቶች እሳቱ ላይ ያቆዩት። ማብቀሉ ፋይቴት የሚባለውን አይረን አስሮ የሚይዝ ንጥረ ነገር ይቀንሳል።

ተልባ ስትጠቀሚ አመስ አድርገሽ ፍጪው፤ ያልተፈጨው እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። ዘይቱ ቶሎ ስለሚበላሽ የሳምንቱን ብቻ ፍጪ። ረጅም ጾም የምትጾሚ ከሆነ ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነውና በፍስኩ እንቁላል፣ ወተት፣ የሐይቅ አሳ አይቅርብሽ።

አሁን ብዙ ሴቶችን ዋጋ ወደሚያስከፍለው ልምጣ። ደም ተመርምረሽ ሂሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) 12.4 ግራም በዴሲሊትር ይወጣል፣ «ኖርማል ነው» ብለው ወረቀቱን ይወረውሩልሻል፣ ትወጫለሽ። ለሴት 12 የሚባለው ልክ እኮ በባሕር ጠለል ላይ ለምትኖር ነው! ከፍታ ሲጨምር ልኩም ይጨምራል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቢያንስ ግማሽ ግራም ይደመራል፤ ደሴ ላይ ከ1 ግራም ይበልጣል። ስለዚህ 12.4 አንቺ ጋ ዝቅተኛ ነው። ቢቆጡሽም «በከፍታ ተስተካክሏል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፤ የአይረን ክምችትን የሚያሳየውን ፌሪቲንንም እንዲለኩልሽ አድርጊ፤ የአይረን ክምችት ሂሞግሎቢን ሳይወርድ ሊያልቅ ይችላልና። ውጤቱ ሳይታወቅ የአይረን ኪኒን በራስሽ አትጀምሪ።

የመደበት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ምግብ አስተካከልኩ ብለሽ እንዳታቋርጪ። ሐዘኑና ተስፋ መቁረጡ 2 ሳምንት ካለፈ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ሆስፒታል ሄደሽ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቂ።