የመጀመሪያ አልበምሽ በሰው ዘፈን ቢሞላ ምን አለበት

ሰሞኑን አንዲት የደብረ ማርቆስ ልጅ ጻፈችልኝ። «ጋሼ የመጀመሪያ አልበሜን እየጨረስኩ ነው፣ ከአስሩ ስምንቱ የድሮ የጎጃም ዘፈን ናቸው፣ ሰው ሁሉ የራስሽ የለሽም ወይ እያለ አሳቀቀኝ፣ ላውጣው ወይስ ልተወው» ነው የምትለው። አውጪው ብዬ ላልፍ ነበር፣ ግን ጥያቄዋ የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝና እንቅልፍ ነሳኝ፣ ስለዚህ ለሷም እንደሷ ላላችሁም ልጻፈው።

እኔ በካሴት ዘመን ኪቦርድ ተጫዋች ነበርኩ። ከብቸና በኩል የመጣ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ ሰርግ ቤት ያለ ማይክ የሚያደምቅ ልጅ፣ እሱም የመጀመሪያ ካሴቱን ሲሠራ አብዛኛው የራሱ አልነበረም። የሰርግ አለ፣ የደቦ አለ፣ ሽለላ አለ፣ ከአዝማሪ አፍ የለቀምነው አለ። ያኔ የሰው ዘፈን መልሶ ሲዘፈን ከቨር ምናምን የሚባል ነገር የለም፣ ዘፈን ዘፈን ነው።

ከሁሉ የምትበልጠዋን ያገኘናት ሞጣ ነው፣ ጠላ ቤት ውስጥ። ሽማግሌ ማሲንቆ ተጫዋች ነበሩ፣ አያ ነበር የምንላቸው። የሳቸው ጉድ ምን መሰላችሁ፣ ማሲንቆው ቀድሞ ይሄዳል ድምጻቸው ይዘገያል፣ አሁን ገቡ ስትሉ አይገቡም፣ ሰው ጠላውን አፉ ላይ ይዞ ይጠብቃል፣ ከዛ ግጥሙ ሲወርድ ቤቱ በእልልታ ይናጋል። ተቀበል ተብለው ከሰው የተሰጣቸውን ግጥም እንኳን በዛችው ዝግታ ነበር የሚያወርዱት። ጓደኛዬ በትንሽ ቴፕ ቀዳቸው። «ዝፈናት ልጄ፣ መተንፈሻዋን ብቻ እንዳትዘላት» አሉት። አባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ካሴቱን እንዳያበላሸው ብሎ ጋቢው ውስጥ ጠቅልሎ አቅፎት ነበር፣ ጎሃ ጽዮን ወጥተን ሻይ ስንጠጣም አላስቀመጠውም፣ አስተናጋጇ ምን ታቅፈህ ነው ብላ ስቃበታለች።

ስቱዲዮ ገባን፣ ድራም ማሽኑ ተከፈተ። ድራም ማሽን ደሞ ማንንም አይጠብቅም። ያቺ ዝግታ ከቢቱ ጋር አልሄድ አለች፣ ካሴቱን የሚያሳትመው ሰውዬ የስቱዲዮው ሒሳብ እየቆጠረ ነው ይላል፣ መጨረሻ ላይ ጓደኛዬ ከቢቱ ጋር እኩል ገባና ተስተካከለች ተባለ። ሽፋኑ ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ተብሎ ታተመ፣ ሕዝብ የተባሉት ሰውዬ ሞጣ ቁጭ ብለው። የተቀዱበት ካሴት ላይ ደሞ ሌላ ነገር ተቀዳበት፣ ባዶ ካሴት የተወደደበት ጊዜ ነበር።

ዘፈኗ ተወደደች፣ በየመናኸሪያው እሷን ነው የሚያስጮሁት። አያም የሰሙት እዛው ሞጣ መናኸሪያ ነው አሉ። ገንዘብ አልጠየቁም፣ አልተቆጡም። «ልጁ ይቸኩላል» ነው ያሉት። ሄደን በደንብ እንቀዳቸዋለን ስንል፣ መጀመሪያ ክረምቱ ይውጣ፣ ከዛ ሰርጉ ይለፍ፣ አረፉ። አሁን ዩቲዩብ ላይ ልጆች ያቺን ዘፈን ሲጫወቱ እሰማለሁ፣ ሁሉም የሚዘፍኗት የድራም ማሽኑን ነው፣ ስሩ የጎጃም ባህላዊ ብለው ይጽፉበታል። እሱን ስሰማ ነው የሚያንገበግበኝ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ቦብ ዲላንን መቼም ሰምተሽ ይሆናል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል የተሰጠው አሜሪካዊ ዘፋኝ። በ1962 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ 13 ዘፈን አለው፣ የራሱ ሁለት ብቻ። ከሁለቱም አንዷን ለታላቁ አሜሪካዊ የሕዝብ ዘፈን ዘፋኝ ለዉዲ ጋትሪ ነው የጻፋት፣ ዜማዋን ደሞ ከራሱ ከጋትሪ ወስዶ። ሲቀዳ ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚህ ስምንቱ አያሳፍርሽም። ግን እዛው አልበም ላይ ዴቭ ቫን ሮንክ የሚባል ጓደኛው በራሱ አያያዝ የሚጫወታት አንዲት የቆየች የሕዝብ ዘፈን አለች፣ ቫን ሮንክ እራሱ ሊቀዳት አስቦ ነበር፣ ዲላን መጥቶ ባንተ አያያዝ ብቀዳት ቅር ይልሃል ወይ ሲለው ቆይ እኔ ልቀዳት ነው አለው፣ ለካ ልጁ አስቀድሞ ቀድቷታል። ለጊዜው ተኳረፉ። አየሽ፣ ዘፈኗ የሕዝብ ናት፣ አያያዟ ግን ባለቤት ነበረው።

እኛ አገርም እኮ ሁለቱም ወግ አለ። ድጓ ቤት ተማሪው የመምህሩን ዜማ ሳያዛንፍ ነው የሚቀበለው፣ ዋሸራና ዲማ ቅኔ ቤት ስትሄጂ ደሞ ትናንት የተባለ ቅኔ ይዞ የመጣ ተማሪ መሳቂያ ነው። የዛሬ ልጆች ድጓውን ሳትማሩ ቅኔ ልቁጠር ትላላችሁ፣ ሁለት ስንኝ ቲክቶክ ላይ አስር ጊዜ ደጋግማችሁ አዲስ ሥራ ነው ትሉናላችሁ፣ አውቶቲዩን ደሞ የጎጃምን ጉሮሮ ሁሉ አንድ አድርጎታል። የራስሽን ለመጻፍ አትቸኩይ የምለው ለዚህ ነው። እውነቱን ካልሽኝ ግን አልበምሽ ሲመጣ መጀመሪያ የምከፍተው ያንቺን ሁለቱን ነው፣ ምን ላድርግ።

ልምምድ ምናምን አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። ከስምንቱ የትኞቹ ደራሲ እንዳላቸው ግን ለይ። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ፣ ደራሲው ሞተ ማለት ዘፈኑ የማንም ሆነ ማለት አይደለም፣ ካረፈ በኋላ 50 ዓመት የወራሾቹ ነው፣ ስለዚህ ፈቃዱን በወረቀት ያዢ። ደራሲያቸው የማይታወቁትን ደሞ ከማን አፍ እንደሰማሻቸው ስሙን ከነአገሩ ጻፊ፣ ፈቅዶልሽ ከሆነ። ከሌላ ካሴት የሰማሽው ከሆነ ካሴቱ ከየት እንዳመጣው ጠይቂ፣ የሰርግ ዘፈን ብቸናና ዳንግላ ላይ አንድ አይደለም፣ ከማርቆስ ብቸና ደሞ ሩቅ አይደለም፣ ሚክሲንግ ሳትገቢ ሂጂና አሮጊቶቹን ቅጂያቸው። የቀዳሽውን ስልክሽ ላይ ብቻ እንዳትተዪው፣ ሜሞሪ ሞላ ብለሽ ታጠፊዋለሽ፣ ለሁለት ለሦስት ሰው ላኪው፣ ለኔም ጭምር።